መጨረሻ የገባው ይመልስ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

እኔ፣ የዚህ ደብተር ባለቤት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ የሚከተለውን አምናለሁ። ዛሬ ጠዋት የአባባን መነጽር አንስቼ የሶፋው ትራስ ውስጥ ሸጉጫለሁ። ስርቆት አይደለም። ራስን መከላከል ነው።

ምክንያቱም ንግግሩ ተመልሶ መጥቷል።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ የወረዳችን የመጀመሪያው የትምህርት ኃላፊ ነበር። በዚህ ወር ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱበት አርባኛ ዓመት ይከበራልና የመክፈቻውን ንግግር አንተ አድርግ አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎናችን አዳራሽ ሆኗል። "የተከበራችሁ ወላጆች…" ሲል እማዬ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ታፋጥናለች። እሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እሷ ፍጥነት ትጨምራለች። ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ ሱሪ ሦስተኛ እግር ሊያበቅል ምንም አልቀረው።

መነጽር ከሌለ ማንበብ የለም፤ ማንበብ ከሌለ ንግግር የለም። ጥሩ እቅድ አይደል?

አይደለም። መነጽሩን ሲያጣ በቃሉ ጀመረው። ወረቀቱ እኮ ቢያንስ መጨረሻ ነበረው! በቃሉ ሲሆን ግን… "ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት፣ ጥቂት ባለ ራዕዮች የዓለምን የትምህርት ልምድ በጥልቀት ከመረመሩ በኋላ…" ከምርመራው ሳይወጣ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ራሴ ደብቄ ራሴ "አገኘሁት"። "እደጊ! ዓይንሽን ክፉ አይንካው!" ብሎ መረቀኝ። አፈርኩ። ትንሽ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ደብተር የሚያነብ ሌባ ካለ እንዲገባው ልጻፍለት። የኛ ወረዳ ትምህርት ቤቶች የሌሎቹ የሌላቸው አንድ ሕግ አላቸው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሰው ይቀመጣል። አስተማሪ ሲጠይቅ እጅ የሚያወጣ የለም። "መጨረሻ የገባው ይመልስ!" ይባላል። ከሦስቱ መጨረሻ የገባው ተነስቶ ለዴስኩ ይመልሳል፤ ማርኩ የሦስቱም ነው። ያልገባው ካለ? የገባው ያስረዳዋል። እስኪገባው።

አባባ ይህንን "የመሥራቾቹ ራዕይ" ይለዋል። እኔ የመሥራቾቹ ቅጣት እለዋለሁ።

ዴስካችን ላይ በግራ በኩል እኔ፣ ፌንጣ። (አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥም ብለው ነው። ስም አጥፊዎች።) በቀኝ ቀውላላው፣ እግሩ ከዴስኩ ተርፎ መተላለፊያውን የሚዘጋ። መሃል ጭምቷ። ጭምቷ ገብቷት እንኳ "ቆይ" ነው የምትለው።

ዛሬ የፊዚክስ ቲቸር "ብረት ይሰጥማል፤ የብረት መርከብ ለምን ይንሳፈፋል?" አለ። እኔ ቲቸር አፉን ሳይዘጋ ገብቶኛል። እፍጋት! አለቀ!

"ቆይ" አለች ጭምቷ። "መርከቡ ሲቀደድስ ለምን ይሰጥማል? ብረቱ ያው ብረት ነው።"

"ውሃ ስለሚገባበት ነዋ!"

"ገብቶ ምን ያደርገዋል?"

"ያ… ያሰጥመዋል!"

"እሱንማ አልኩ። እንዴት?"

የገባኝ ነገር ቀስ እያለ ሲወጣ ተሰማኝ። ቀውላላው "እኔ ከገባኝ ቆየ" አለ፤ ስለ ምን እንደምናወራ ግን አያውቅም። ድስት ሣልኩ፣ ክዳን ሣልኩ፣ ሰረዝኩ። ሌሎቹ ዴስኮች ሁሉ መልሰው ጨርሰው እኛን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ጭምቷ ተነሳች። "መርከቡ ብረት ብቻ አይደለም። ብረትና አየር አንድ ላይ ነው። ቀዳዳው አየሩን ያስወጣዋል፤ ያኔ ብረት ብቻ ይሆናል።"

"ጎበዝ!" አላት ቲቸር። እሷን! እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አዲሱ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ እቤት መጣ። ወጣት ነው። ሸሚዙ ገና ከፓኮው መውጣቱ ነው መሰለኝ፣ የታጠፈበት መስመር ደረቱ ላይ ይታያል። እትዬ ሒሳብም ነበሩ። እትዬ ሒሳብ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ከአባባ ጋር ትምህርት ቤቶቹን የመሠረቱ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጡ አባባን በዳማ ያሸንፉታል። አባባ "ተጫወትን" ይላል። እሳቸው "አሸነፍኩ" ይላሉ።

"ጋሼ፣ ሳልደብቅ ልንገርዎ" አለ ኃላፊው። "ከመጪው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ተማሪዎቹን እንደየፍጥነታቸው ልንለያቸው አስበናል። ፈጣኖቹ ለብቻ፣ ቀስ የሚሉት ለብቻ። በበዓሉ ቀን ወላጆችና መምህራን ይወስናሉ።"

"የዴስኩ ሕግስ?" አለ አባባ።

"ከጸደቀ… ይቀራል።"

እትዬ ሒሳብ የዳማውን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ጧ! አደረጉት። "የማን ልጅ ነህ አንተ?"

"የእርስዎ ተማሪ ነበርኩ፣ እትዬ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ።"

ትክ ብለው አዩት። "አሃ! እስክሪብቶ የሚበላው!"

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። የኪሱን እስክሪብቶ አየሁት። ጫፉ ታኝኳል።

"የበላሁት ወድጄ መሰልዎ? ሰልችቶኝ እኮ ነው። ቶሎ የገባው ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል…" ከዚያ ወደኔ ዞረ። ወደኔ ለምን ይዞራል? "አንቺስ? እስኪ እውነቱን ንገሪን። አይሰለችሽም?"

የእማዬ የስፌት መኪና ቆመ።

"ይሰለቸኛል" አልኩ።

"አንዳንዴ" ብዬ ልጨምርበት ነበር። ዘገየሁ። እኔ! ዘግይቼ የማላውቀው!

አባባ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ንጹሕ የነበረውን መነጽር።

አርብ፣ ኅዳር 7

አባባ ዛሬ ንግግሩን አልተለማመደም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይህንኑ አልነበር የምፈልገው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

"ሙከራ" ተጀመረ። እስከ በዓሉ ቀን ድረስ ተለይተን እንድንታይ ነው። ስሜ ፈጣኖቹ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። የጭምቷና የቀውላላው ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል በር ላይ።

እና… ደስ ይላል! ልዋሽ? እጅ ማውጣት ይቻላል! እድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ብብቴ ራሱ ሳይገረም አልቀረም። ቲቸር ይጠይቃል፣ እመልሳለሁ፣ ያልፋል። "ቆይ" የሚል የለም። አንድን ምዕራፍ በአንድ ቀን ጨረስን።

እራት ላይ አባባ "አዲሱ ክፍል እንዴት ነው?" አለኝ።

"ጥሩ ነው።"

"እሰይ። ደስ ይበልሽ፣ የኔ ፌንጣ።" ከልቡ ነው ያለው። አሽሙር ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

አንድ ክፍል ሙሉ ፌንጣ። ሁሉም ይዘላል፣ የሚያዳምጥ የለም። አጠገቤ ላለው ልጅ አንድ ነገር ልነግረው ስጀምር "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" አለኝ። ገና "ውሃ" ብቻ ነው ያልኩት! እኔ ሰው ላይ የማደርገው ይህንን ነው እንዴ? እግዚኦ።

ደግሞ የቤት ሥራው… ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ መጨመር ያቆማል። ቀመሩን ጻፍኩ፣ ትክክል ነው። ግን ጆሮዬ ውስጥ አንድ ድምፅ "ቆይ፣ እሳቱ እኮ አልጠፋም። ታዲያ ሙቀቱ የት ሄደ?" ይለኛል። የጭምቷ ድምፅ ነው። እስክሪብቶዬን ጎረስኩ። የት ሄደ? አላውቅም። ማርኩ ግን ሙሉ ነው!

ራሷን ቧንቧው ጋ አገኘኋት።

"እንዴት ነው እዚያ?"

"ጸጥ ያለ ነው።"

"ላንቺማ ተስማምቶሻል።"

አልሳቀችም። "ቀስ ብለው ነው የሚያወሩን፣ ፌንጣ። ጆሯችን የታመመ ይመስል። እኔ ቀስ የምለው እየጠየቅሁ ነው እንጂ… እዚያ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የለም።"

"ቀውላላውስ?"

"ተኝቷል። ተመችቶታል።"

ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች። "እማዬ ስሜን በሩ ላይ አየችው። ማታ 'ቀስ የምትይ ከሆነ ምን ያደክምሻል፣ ከአክስትሽ ጋር ሱቁን ያዢ' አለችኝ። ከበዓሉ በኋላ ከጸደቀ… ታስወጣኛለች መሰለኝ።"

ቧንቧውን አሁን እኔ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት።

"ፌንጣ… ከዚያ ክፍል ግን፣ ገብቶኝ ከሆነ፣ በየት ነው የሚወጣው?"

"ኃላፊውን ጠይቂው! በስብሰባው ቀን!"

"በሰው ፊት? ሞቼ ነው!"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

እትዬ ሒሳብ አምፖል ቀይሪልኝ ብለው ጠሩኝ። አምፖሉ አልተቃጠለም። ራሳቸው አላልተውታል። ሊያናግሩኝ ፈልገው ነው። ሽማግሌ ሲያሴር እንዴት ያስታውቃል!

"ደፋር ነሽ" አሉኝ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት 'ይሰለቸኛል' ማለት።"

"አባባን አሳዘንኩት፣ እትዬ።"

"እሱን? እሱ የሚያዝነው በራሱ ነው። ያ ንግግሩ… 'የዓለምን የትምህርት ልምድ በጥልቀት ከመረመሩ በኋላ'! ሂሂ! የትኛው ዓለም? ከአስተማሪ ማሠልጠኛው ግቢ ወጥተን አናውቅም!"

ተቀምጠው ሣቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ነገሩኝ።

ማሠልጠኛ ሳሉ አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ። እሳቸው ሳይጠየቁ የሚመልሱ። አባባ ደግሞ… (እዚህ ላይ ዙሪያቸውን አዩ፣ ድመቷ ብቻ ነበረች) …ሒሳብ የማይገባው! "ገብቶሃል?" ሲሉት "በሚገባ!" ይላል። ደረቱን ነፍቶ። ወደቀ። ሁለተኛ ጊዜ "በሚገባ!" አለ፤ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ሊያባርሩት ሲሉ እሳቸው "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ካልመለስክ እኔም አልመልስም" ብለው አፋቸውን ዘጉ። ለአንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት! አስተማሪው አበደ። አባባ ግን እሳቸው ሲያስረዱት ገባው፤ ሁለቱም አለፉ።

"ራዕይ እሱ ነው" አሉኝ። "አንድ 'በሚገባ' ባይ ሰውዬና አንዲት ግትር ሴት።"

አባባ! አባባ መጨረሻ የሚገባው! የዓመቱን ምርጥ ዜና ሰምቼ ለማን ልንገር?

እሑድ፣ ኅዳር 16

ለራሱ ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ ያቺን ወረቀት እያየ ነበር፤ ድምፅ ሳያወጣ።

"አባባ፣ ሒሳብ ገብቶህ ነበር?"

"በሚገባ!" አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። "አምፖሏን ቀየርሽላት ማለት ነው።"

ሣቄን መያዝ አቃተኝ። እሱም ሊቆጣ ሞክሮ አቃተው።

"ለምን ንግግሩ ውስጥ የለም?"

"እንዴት ተደርጎ! መሥራች ተብዬ አዳራሽ ቆሜ 'የተከበራችሁ ወላጆች፣ እኔ ደደብ ነበርኩ' ልበል?"

"አጭር ይሆን ነበር።"

በትራስ መታኝ። መነጽሩን የደበቅሁበት ያው ትራስ።

"'ይሰለቸኛል' ያልኩት…" ስል አቋረጠኝ።

"እውነት ነው የተናገርሽው። ለእውነት ይቅርታ አይጠየቅም። የከፋኝ ያልሽው አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ይህን ጠይቄ አለማወቄ ነው።"

ከዚያ ስለ ጭምቷ ነገርኩት። ስለ ሱቁ። ስለ መውጫው። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ወይኔ፣ ሦስተኛ ገጽ ሊጽፍ እንዳይሆን!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጭምቷ ከእናቷ ጋር ከኋላ፣ እኔና እማዬ ከመሃል። ኃላፊው በፕሮጀክተር አሳየ። ቀስቶች፣ ሳጥኖች፣ አረንጓዴ ክፍል፣ ቢጫ ክፍል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። የፋርማሲው ባለቤት "ጊዜው ይህንን ይጠይቃል!" እያለ ያጨበጭባል። ኃላፊው ሲጨርስ "ግልጽ ነው? ገብቷችኋል?" አለ።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም! "በሚገባ" ዓይነት መነቅነቅ።

ከፊት ወንበር ግን እትዬ ሒሳብ ተነሱ። በዚያ ጠመኔ በሚሰብር ድምፃቸው "መጨረሻ የገባው ይመልስ!" አሉ።

ያኔ የሆነውን ብታዪ! (ማን ናት "ብታዪ" የምላት? ለራሴ ነው።) አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ በዚያ ዴስክ ያደገ ነው። ትልልቅ ሰዎች፣ ባለ ክራባት፣ ባለ ሪዝ፣ ሳያስቡት ወደ ግራና ቀኝ ጎረቤታቸው ዞሩ። "አንተ ገብቶሃል?" "እኔማ… ቢጫው ምንድን ነበር?" የፋርማሲው ባለቤት ሚስቱን "አረንጓዴው የቱ ነው?" ሲላት ሰማሁት! ኃላፊው ራሱ ወደ ግራው ዞሮ ማንም እንደሌለ አየ።

እኔም ዞርኩ። ወደ ኋላ። ጭምቷን አየኋት። አፌን ሳልከፍት በዓይኔ ብቻ ለመንኳት።

ተነሳች።

"እኔ… ገና አልገባኝም። ቢጫው ክፍል ውስጥ ነኝ። መግቢያውን አየሁት። ገብቶኝ ከሆነ በየት ነው የምወጣው?"

ኃላፊው ስላይዱን ወደ ኋላ መለሰ። ወደ ፊት። ወደ ኋላ። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ናቸው። እስክሪብቶውን ጎረሰ።

"መውጫ…" አለ። ከዚያ፣ ይህን ወደድኩለት፣ አልቀባጠረም። "መውጫ አላሰብንለትም።"

አባባ መድረኩ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው።

"ንግግሬ ሁለት ገጽ ነበር" አለ። እማዬ "ነበር" የሚለውን ስትሰማ አጨበጨበች። ብቻዋን።

"መጨረሻ የገባው እኔ ነበርኩ" አለ። ከዚያ ስለ ማሠልጠኛው፣ ስለ "በሚገባ"፣ ሁለቴ ስለ መውደቁ ተናገረ። "እቺ ሴት ባትጠብቀኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምትሰሙት መሥራች የለም። ራዕያችን ይኸው ነው። ሌላው ጌጥ ነው። ግን አንድ ነገር ዘንግተናል። የልጅ ልጄ ይሰለቸኛል አለች። እውነቷን ነው።" ወደ እትዬ ሒሳብ ዞረ። "አንቺስ ያኔ ሰልችቶሽ ነበር?"

"እንዴታ! የጣሪያውን ምስማር ቆጥሬ ጨርሼ!"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"ሲሰለቸኝ ላንተ ጥያቄ እፈጥር ነበር። መልሱን እኔም የማላውቀውን።"

አዳራሹ ሣቀ። ኃላፊው ግን አልሣቀም። እስክሪብቶውን ከአፉ አውጥቶ "ቢሆንስ?" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "መጨረሻ የገባው ይመልስ፣ መጀመሪያ የገባው ይጠይቅ?"

እትዬ ሒሳብ "አሁን ገና የኔ ተማሪ ሆንክ" አሉት።

እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ። ሁሉም አልተስማማም፤ የፋርማሲው ባለቤት እያጉረመረመ ነው የወጣው። የዴስኩ ሕግ ግን ጸና። አዲሱም ተጨመረበት።

ስንወጣ የጭምቷን እናት አንዲት ሴትዮ "ያቺ የጠየቀችው የማን ልጅ ናት?" ስትላት ሰማኋት።

"የኔ ናት" አለች እናቷ። ሁለት ጊዜ። "የኔ ናት።" ስለ ሱቁ ያወራ ሰው የለም።

የአባባ ንግግር በሕይወቱ አጭሩ ነበር። እቤት ስንደርስ እማዬ "አሁን ድገመው!" አለችው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

እነሆ እንደገና፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አምናለሁ።

ወደ ዴስካችን ከተመለስን ሰነበትን። ቀውላላው "እዚያ እንቅልፉ ይሻል ነበር" ይላል። ጭምቷ "ቆይ" ትላለች፣ ትመልሳለች። ከዚያ ቲቸር "መጀመሪያ የገባው ይጠይቅ!" ይልና ወደኔ ያያል። መልስ ቀላል ነበር! ጥያቄ ግን… የማላውቀውን ለማግኘት የማውቀውን ሁሉ ማገላበጥ አለብኝ። ትናንት አንድም አጥቼ ቆሜ ቀረሁ። ጭምቷ ቀስ ብላ "ቆይ በይ፤ ይመጣል" አለችኝ። እሷ! እኔን!

አንድ ሠዓሊ ሁለቱንም ሕጎች አዳራሹ ግድግዳ ላይ ጻፋቸው። ሁለተኛውን ትንሽ አጣሞታል። አባባ "አይስተካከል" አለ።

አባባ አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ "የዛሬው ጥያቄሽ ምንድን ነው?" ይለኛል። የዛሬው፦ መርከቡ ከወንዝ ወደ ጨው ውሃ ሲገባ ለምን ከፍ ይላል? መልሱን አላውቅም። የፊዚክስ መጽሐፉን ራሱ ሊያነበው ነበር። መነጽሩ ግን ጠፋ።

መነጽሩ የት ነው? አፍንጫዬ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው በሱ ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ እንደ ዳቦ አብጠዋል። መነጽሩ ካለ አንብቦ "በሚገባ!" ይልና ያልፋል። ከሌለ ግን እኔ ነኝ የማነብለት። አጠገቤ ይቀመጣል፤ በየመስመሩ "ቆይ፣ ቆይ… ለምን?" ይለኛል። ልክ እንደሷ። አይሰለቸኝም። (አንዳንዴ። አሁን በጊዜው ጨመርኩት።)

ሳሎን ሲፈልግ ይሰማኛል። ትራሱን አነሳ። ሣቀ? እማዬ "ከኔ ጋ የለም" አለችው። እግሩ ወደዚህ እየመጣ ነው… ቀስ እያለ… የበሩ እጀታ ዞረ…

"ፌንጣ!"